የበግ ደረትና የበግ ክብደት፤ ከጥንድ ቁጥሮች ቀጥተኛ መስመር ስለ ማውጣት



ወረኢሉ በታሪክ ስትጠራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ የክተት ዐዋጅ ባወጁ ጊዜ ሠራዊቱ እንዲከትባት የተመረጠች ሥፍራ መሆኗ ነው። እኔ በዘንድሮው መጽሔታችን ላቀርበው የተነሣሁት ነገር ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ይኸውም ስለ ስድስት በጎችና ስለ አንድ ቀጥተኛ መስመር ነው። በሒሳብ ትምህርት ይህ ዘዴ «ሪግሬሽን» ይባላል። ስሙ ከበድ ያለ ቢመስልም መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊሠራው እንደሚችል አሳያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። እኔ ከገጠር መጥቼ በከተማ ቤት ተከራይተው ከሚማሩት ተማሪዎች አንዱ ነኝ። የቤት ኪራዬም የሚከፈለው አባቴ በግ ሸጠው ነው። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ አንድ ሙክት ወደ ገበያ አወጣን። አንድ ነጋዴ መጣና ወገቡን ጨብጦ፣ ላቱን በመዳፉ መዝኖ፣ ከመሬት አንሥቶ «ከ24 ኪሎ አያልፍም» አለ። አባቴም በዚያው ግምት ተስማምተው ሸጡ። ጥቂት ቆይቼ በገበያው ዳር ሳልፍ ያው ሙክት በሚዛን ተንጠልጥሎ ሲመዘን አየሁት፤ ቁጥሩ 29 ነበር። ነጋዴው አታለለን ለማለት አይደለም፤ ግምት ግምት ነው፤ የገበያም ሥራው እንዲሁ ነው። ቢሆንም አምስቱ ኪሎ ለእኔ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ያህል ነበር። ለአባቴ ሳልነግራቸው ብዙ ሰነበትሁ።

በቤታችን ሚዛን የለም፤ ብዙ ገበሬም የለውም። ሜትር ግን ልብስ ሰፊ ዘንድ ይገኛል። ስለዚህ «የበጉን ደረት በሜትር ለክቶ ክብደቱን ማወቅ ይቻላልን?» የሚል ጥያቄ በልቡናዬ ተቀረጸ። ይህን ጥያቄ የመጀመሪያ ያነሣሁት እኔ አይደለሁም። በአገራችንም በውጭ አገርም የእንስሳት እርባታ ተመራማሪዎች የበግን፣ የፍየልንና የከብትን ክብደት ከደረት ዙሪያ ሲገምቱ ኖረዋል። እነርሱ ግን የሚለኩት በመቶ የሚቈጠሩ እንስሳትን ነው፤ እኔ የነበሩኝ ስድስት ናቸው። ታዲያ አንባቢ ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች የእኛ ቤት በጎች ቁጥሮች ብቻ አድርጎ እንዲያያቸው እለምናለሁ።

ሚዛኑን ከአንድ ማር ነጋዴ ዘመዳችን ተዋስሁ፤ የሚንጠለጠል ዐይነት ነው። ልኬቱን የሠራነው ማለዳ፣ በጎቹ ወደ ግጦሽ ሳይወጡና ውኃ ሳይጠጡ ነው። ውኃ የጠጣ በግ በአንድ ጊዜ ክብደቱ ይጨምራል፤ ለገበያ ሲሉ ጨው አልሰው ውኃ የሚያጠጡ ሰዎች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ሜትሩን ከፊት እግሮቹ በስተኋላ አዙሬ፣ ጠጉሩን ጫን አድርጌ፣ ሥጋውን ግን ሳላስጨንቅ ለካሁ። በጉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። አንዱ ጠቦት ሦስት ጊዜ አምልጦኝ ታናሽ ወንድሜ በሣቅ ሊሞት ነበር።

ያገኘኋቸው ጥንድ ቁጥሮች እነሆ፤ የመጀመሪያው የደረት ዙሪያ በሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው ክብደት በኪሎ ነው።

ቀይ ጠቦት፦ 60 እና 15
ጥቁር ሴት በግ፦ 64 እና 20
ነጭ ሴት በግ፦ 66 እና 18
ቡራቡሬ ሴት በግ፦ 70 እና 25
ዳማ አውራ በግ፦ 72 እና 24
ቀይ ሙክት፦ 76 እና 30

«ጥንድ» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበል። 60 እና 15 የሚሄዱት አብረው ነው፤ የአንድ በግ ናቸውና። ደረቶቹን ለብቻ፣ ክብደቶቹን ለብቻ አድርገን ቅደም ተከተላቸውን ብናዛባ የያዝነው ቁጥር ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከስሌቱ በፊት የሚሠራው ሥዕል ነው። በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ደረቱን በአግድሙ መስመር፣ ክብደቱን በቋሚው መስመር አድርጌ ለእያንዳንዱ በግ አንድ ነጥብ አኖርሁ። ነጥቦቹ ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ነገር ግን በአንድ ክር ላይ የተሰኩ አይደሉም፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። ይህን ሥዕል ዘለው ወደ ስሌት የሚሮጡ ጓደኞች አሉን። ለእነርሱ አንድ ነገር ላስታውስ። ፍራንክ አንስኮም የተባለ የስታትስቲክስ ሊቅ በ1973 እ.ኤ.አ. አራት የቁጥር ሰንጠረዦችን አሳተመ። ከአራቱም የሚወጣው አማካይና መስመር አንድ ነው። ሲሣሉ ግን አንደኛው እንደ እኔ በጎች የተበተነ፣ ሁለተኛው እንደ ቀስት የጎበጠ፣ ሦስተኛው አንድ ነጥብ ብቻ ከመስመር ያፈነገጠበት ነው፤ በአራተኛው ደግሞ ከአንድ ነጥብ በቀር ሁሉም በአንድ ቋሚ መስመር ላይ ተደርድረዋል። ስሌቱ ልዩነታቸውን አይናገርም፤ ዐይን ግን ወዲያው ያየዋል።

አሁን በነጥቦቹ መካከል መስመር እንዘርጋ። ችግሩ የሚዘረጉት መስመሮች ብዙ መሆናቸው ነው። እኔ በማስመሪያ አንዱን ሣልሁ፤ ወንድሜ ሌላ ሣለ፤ ማንኛችን ልክ ነን? ለዚህ መልስ የሰጠው በ1805 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሊቅ ለዣንድር ነው። የእርሱ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ነጥብ ከመስመሩ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካ፤ ርቀቱ በራሱ ይባዛ፤ ከዚያም ሁሉም ይደመር። ድምሩን ከሁሉ የሚያሳንሰው መስመር ይመረጥ። በራሱ የሚባዛበት ምክንያት የበላዩና የበታቹ ርቀት እንዳይጣፋ፣ ትልቅ ስሕተትም ከትንሹ ይልቅ ክፉኛ እንዲቀጣ ነው። የጀርመኑ ጋውስም በ1809 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ዘዴ ጽፎ «ቀድሞ በእጄ ነበር» በማለቱ በሁለቱ መካከል ክርክር ተነሥቷል። እኛ ወደ በጎቻችን እንመለስ።

መጀመሪያ አማካዮቹን እናውጣ። የስድስቱ ደረት ድምር 408 ነው፤ ለ6 ሲካፈል 68። የክብደቱ ድምር 132 ነው፤ ለ6 ሲካፈል 22። የምንፈልገው መስመር በዚህች አማካይ ነጥብ፣ ማለት ደረቱ 68 ክብደቱ 22 በሆነበት ላይ ያልፋል፤ ይህ ሁልጊዜ እውነት ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ በግ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ እንጻፍ። በደረት፦ −8፣ −4፣ −2፣ 2፣ 4፣ 8። በክብደት፦ −7፣ −2፣ −4፣ 3፣ 2፣ 8። ጥንዶቹን እናባዛ፦ 56፣ 8፣ 8፣ 6፣ 8፣ 64፤ ድምሩ 150። የደረቱን ርቀቶች ደግሞ በራሳቸው እናባዛ፦ 64፣ 16፣ 4፣ 4፣ 16፣ 64፤ ድምሩ 168። 150 ለ168 ሲካፈል 0.89 ይሆናል። ይህ ቁጥር የመስመሩ ተዳፋት ነው፤ በክፍል ውስጥ ስሎፕ የምንለው ማለት ነው። ትርጉሙም ደረቱ በአንድ ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ በግ በክብደቱ በአማካይ 0.89 ኪሎ፣ ማለት አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ይበልጣል ነው። እንግዲህ መስመሩ ይህ ነው፦

ክብደት = 22 + 0.89 × (ደረት − 68)

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን 150ን ያካፈልሁት ለ168 ሳይሆን ለ146 ነበር፤ 146 የክብደቱ ርቀቶች በራሳቸው ተባዝተው የሚሰጡት ድምር ነው። መልሱ 1.03 ሆነ። ለትልቁ ሙክት ስሞክረው 30.2 ኪሎ ስለ ሰጠኝ፣ እርሱም በሚዛን 30 ስለ ነበረ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግሥቱ የሒሳብ መምህራችን ደብተሬን አይተው «አንተ የሠራኸው ክብደቱን እያወቅህ ደረቱን ለመገመት ነው፤ በጉን በሚዛን ከመዘንህ ደግሞ ሜትር ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ለካስ መስመሮቹ ሁለት ናቸው፤ የሚታወቀው የትኛው፣ የሚገመተው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። በአንድ በግ ላይ ልክ መውጣቱ ማስረጃ እንደማይሆንም ያን ቀን ተማርሁ።

መስመሩ ስለ እያንዳንዱ በግ ምን እንደሚል እንይ። ለቀዩ ጠቦት 14.9፣ ለጥቁሯ 18.4፣ ለነጯ 20.2፣ ለቡራቡሬዋ 23.8፣ ለዳማው 25.6፣ ለሙክቱ 29.1 ይላል። እውነተኛው ክብደት ከዚህ የሚለይበት መጠን በተራ 0.1፣ 1.6፣ −2.2፣ 1.2፣ −1.6፣ 0.9 ነው። እነዚህን ቅሪት እንላቸዋለን። ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ፤ ካልሆኑ የስሌት ስሕተት አለ ማለት ነው።

ከሁሉ የበለጠ የወደድሁት ክፍል ይህ ቅሪት ነው። ቁጥሮቹን ለአባቴ አነበብሁላቸው። አባቴ ስለ ካሬ ድምር አልተማሩም፤ ነገር ግን ቅሪቶቹን አንድ በአንድ ተረጐሟቸው። «ነጯ ለምን ቀለለች?» ብላቸው «ጠጉሯ ብዙ ነው፤ የለካኸው ጠጉር ነው እንጂ ሥጋ አይደለም» አሉኝ። ሙክቱስ? «ላቱ! ላቱ ደረቱ ላይ መች አለ?» ዳማው አውራ በግ ለምን ከመስመሩ በታች እንደወደቀ ሲጠየቁ በጋውን ሲባዝን እንደከረመ ነገሩኝ። ስለ ጥቁሯ ግን ዝም አሉ፤ ቈይተው «እሷን ተዋት፤ ኋላ ታያለህ» አሉ። የቡራቡሬዋን ምክንያት እርሳቸውም አላወቁትም፤ እኔም አላወቅሁትም፤ ቅሪት ሁሉ ምክንያቱ ይታወቃል ማለት አይደለም።

መስመሩ ምን ያህል እንደጠቀመን እንዴት እናውቃለን? ሜትር ባይኖረን ኖሮ ለሁሉም በግ አማካዩን፣ ማለት 22 ኪሎን መገመት ነበረብን። በዚያ ግምት የስሕተቶቹ የካሬ ድምር 146 ነው። በመስመሩ ግን 12 ያህል ብቻ ነው። 134ቱን መስመሩ ወሰደልን ማለት ነው፤ ይህም ከመቶ 92 እጅ ያህል ነው። የቀረውን 12 ለ4 ብናካፍልና ካሬ ሥሩን ብናወጣ 1.7 እናገኛለን። እንግዲህ በመስመሬ ስገምት ኪሎ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ ብሳሳት የሚያስደንቅ አይደለም። ለ6 ሳይሆን ለ4 ያካፈልንበት ምክንያት ከስድስቱ መረጃዎች ላይ አማካዩንና ተዳፋቱን ለማውጣት ሁለት ያህሉን አስቀድመን ስለተጠቀምንባቸው ነው።

ሁሉም ጥንድ ቁጥር እንዲህ የተበተነ አይደለም። የፈላ ውኃን እንውሰድ። በባሕር ጠረፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃችን የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እናቶቻችን ባቄላና አተር አልበስል እያለ የሚያስቸግራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፍታና የውኃ መፍያ በወረቀት ላይ ቢሣሉ ነጥቦቹ ከመስመሩ ንቅንቅ አይሉም ለማለት ይቻላል። ያ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የበግ ደረት ግን እንደዚያ አይደለም፤ በግ ይበላል፣ ይራባል፣ ይታመማል፣ ያረግዛል።

ስሙስ ከወዴት መጣ? እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 እ.ኤ.አ. የ928 ልጆችንና የወላጆቻቸውን ቁመት አጥንቶ የረጃጅም ወላጆች ልጆች ረጃጅም ቢሆኑም እንደ ወላጆቻቸው እጅግ እንዳልረዘሙ፣ የአጫጭሮቹም ልጆች እንዲሁ ወደ አማካዩ ቀረብ እንዳሉ አየ። ልጆቹ ከአማካዩ የራቁት ወላጆቻቸው ከራቁት ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነበር። ይህን ወደ ኋላ መመለስ ሪግሬሽን አለው፤ ስሙም ነገሩ ሌላ ከሆነ በኋላ እንኳ ተጣብቆ ቀረ።

ወደ ገበያው ልመለስ። አባቴ መነጽር ስለሌላቸው የሜትሩን ትንንሽ ቁጥሮች አያነቡም፤ ቀመሩም አይጠቅማቸውም። ስለዚህ በሜትሩ ላይ ሦስት ቀይ ክሮች ሰፋሁ። ከመስመሩ እንደሚወጣው ደረት 62.4 ሲሆን 17 ኪሎ፣ 68 ሲሆን 22 ኪሎ፣ 73.6 ሲሆን 27 ኪሎ ነው፤ ክሮቹን በእነዚህ ቦታዎች አኖርሁ። ከክር ወደ ክር አምስት ኪሎ ነው። አባቴ ይህን በአንድ ጊዜ ያዙት። ወዲያውም ሜትሩን ይዘው ወጥተው አንዲት በቅርቡ የተወለደች ግልገል ለኩና «ይችስ?» አሉኝ። ደረቷ 36 ነበር። በቀመሬ አሰላሁ፤ መልሱ ከዜሮ በታች ስድስት ኪሎ ተኩል ሆነ። «ልጄ፣ በመስመርህ ይህች ግልገል ገና ልትወለድ ነው፤ ዕዳም አለባት» ብለው ሣቁብኝ። ሣቁ ይገባኝ ነበር። መስመሩ የተሠራው ደረታቸው ከ60 እስከ 76 በሆኑ በጎች ነው፤ ከዚያ ክልል ውጪ ወስጄ ማናገሬ ያልጠየቀውን እንደማስመስከር ነው። ሰዎች ስለ ዝናብም፣ ስለ ዋጋም፣ ስለ ሕዝብ ብዛትም የጥቂት ዓመት ቁጥር ይዘው መስመሩን ወደ ሩቅ ዘመን ሲጎትቱት ባየሁ ቍጥር ያች ግልገል ትዝ ትለኛለች።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሁለት ነገሮች አብረው ማደጋቸው አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። በከተማችን የቆርቆሮ ቤትም የጤፍ ዋጋም ዓመት በዓመት ይጨምራል፤ ጥንድ አድርገን ብንሥላቸው ያማረ መስመር ይወጣል። ነገር ግን የጤፍ ዋጋ እንዲወርድ ብሎ ቆርቆሮውን የሚያፈርስ ሰው የለም።

ለእንቁጣጣሽ አንድ ሌላ ጠቦት ወደ ገበያ ወሰድን፤ ከስድስቱ ውስጥ ያልነበረ ነው። አንድ ነጋዴ አንሥቶ «24» አለ። አባቴ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዞሩት፤ ከሦስተኛው ክር ትንሽ አለፈ፤ 74 ነበር። «27 ነው» አሉ። ነጋዴው ሣቀ፤ በዙሪያ የነበሩትም ሣቁ። አባቴ ግን አልተቈጡም፤ «እንግዲያው ይመዘንና እንይ» አሉ። በሚዛኑ 26 ኪሎ ሆነ፤ ዋጋውም በ26 ተቈረጠ። እርግጥ ዋጋ በኪሎ ብቻ አይቈረጥም፤ ቀይና ነጭ በግ ከጥቁር ይልቅ ይፈለጋል፤ ቀንዱም ላቱም ይታያል፤ ያን የእኔ መስመር አያውቀውም። ስንመለስ አባቴ «መስመርህ አንድ ኪሎ ዋሸ» አሉኝ። እኔም «አባዬ፣ እስከ ሁለት ኪሎ ድረስ እንደሚሳሳት አስቀድሜ ነግሬዎት ነበር» አልኋቸው። «ነጋዴውስ ቢሆን ሁለት ነው የተሳሳተ» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አንድ በግ አንድ ነጥብ ብቻ ነውና።

ስለዚህ ነጥብ መጨመር ያዝሁ። የጎረቤቶቻችንን በጎች እንድለካ ተፈቅዶልኛል፤ ሴቶቹንና ወንዶቹን በተለያየ ገጽ ላይ እየጻፍሁ ነው፤ መስመራቸው አንድ መሆኑን ገና አላውቅምና። ስሌቱን ዛሬ ስልክም ይሠራዋል፤ እኔም አሥረኛው በግ ላይ ስደርስ ወደ ስልክ ዞሬአለሁ፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ስድስት በእጄ ባልሠራ ኖሮ ስልኩ የሚለኝን አላምነውም፣ ወይም ያለ ልክ አምነው ነበር።

ጥቁሯ በግ በጥቅምት ወለደች። አባቴ ሚዛኑን እንደገና እንድዋስ ልከውብኝ ቅዳሜ ዕለት ለካናት። ደረቷ 63፣ ክብደቷ 17 ኪሎ ሆነ፤ መስመሩ ለ63 የሚሰጠው 17 ተኩል ነው። አባቴ ግልገሏን ከበረቱ አምጥተው በእጄ ላይ አኖሩና «ያ የተረፈህ ቁጥር ይኸውልህ» አሉኝ።